አገር ሲለወጥ ዕድራችን ወዴት?

በዚህች መጽሔታችን በየዓመቱ የሒሳብና የንብረት ነገር እናነባለን። ዘንድሮ ስለ አገራችን መጪ ዘመን ጥቂት ለማለት አሰብን። ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የጨረስን ጡረተኞች ነንና ነቢይነት የለንም። የሚመጣውን ለመገመት ያለፈውን መዝገብ ከማገላበጥ ሌላ ዘዴ አናውቅም።

ከ1967 ዓ.ም. እንጀምር። በዚያ ዓመት የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ፤ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። እኛ ያን ጊዜ ልጆች ነበርን። አከራይና ተከራይ የነበሩ ጎረቤታሞች በአንድ ቀበሌ ስብሰባ ላይ እኩል ሲቀመጡ አይተናል። ይሁን እንጂ ሰው ሲሞት አከራይ የነበረውንም ተከራይ የነበረውንም የሚቀብረው ያው ዕድር ነበር። ለምን ቢባል፣ አዋጁ የቤቱን ባለቤት ለወጠ እንጂ ጎረቤቱን ከጎረቤቱ አላራቀም።

ሁለተኛው የሕዝብ ቁጥር ነው። በ1976 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያ ቆጠራ፣ ኤርትራን ጨምሮ፣ 42 ሚሊዮን ያህል ነበርን። በ1987 ዓ.ም. ኤርትራ ሳትቆጠር 53 ሚሊዮን፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 74 ሚሊዮን ደረስን። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ ባይደረግም ግምቱ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነው። አብዛኛው ወጣት ነው። ይሄ ሁሉ ልጅ ነገ ሥራ ይፈልጋል፣ ቤት ይፈልጋል፤ ወደ ከተማም ይመጣል። ስለዚህ ከተማ መስፋቱ፣ ፎቅ መብዛቱ የማይቀር ነው።

ሦስተኛው ለውጥ እነሆ በራችን ላይ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም በብዛት ተሠራ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የፒያሳን አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ አየን። የ1967ቱ አዋጅ ያላደረገውን ይሄኛው አደረገው፤ ጎረቤት ከጎረቤት ተለያየ።

እኛም ቀምሰነዋል። ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም የገቡ አንዲት እናት፣ ወርሃዊ መዋጮ አጓድለው የማያውቁ፣ ሲያርፉ የሰማነው ከቀብር በኋላ ነው። ጥሩምባችን እዚህ ተነፍቶ እዚያ አይሰማማ! ድንኳኑም ወንበሩም ግምጃ ቤት እንደተቆለፈበት ቀረ። ለልቅሶ ስንደርስ ልጃቸው «የናንተ ዕድር እኮ ቤቱ ሲፈርስ አብሮ የፈረሰ መስሎን ነው» አለን። ምን እንመልስ? አንገታችንን ደፋን።

በኋላ መዝገቡን ገልጠን ብናይ ጥፋቱ የራሳችን ሆኖ አገኘነው። መዝገባችን በቤት ቁጥር የተያዘ ነው። ቤቱ ሲፈርስ ሰውዬው ከመዝገብ እንደጠፋ ይቆጠራል።

ስለሆነም ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው አሳብ ይኸው ነው። አንደኛ፣ መዝገቡ በቤት ቁጥር መሆኑ ቀርቶ በአባሉ ስም ይሁን፤ የአባሉና የአንድ ልጁ ስልክ ይጻፍበት። ሁለተኛ፣ ርቀው የሄዱ አባላት በየአካባቢያቸው አንድ ተጠሪ ይኑራቸው። ሦስተኛ፣ ወጣቶች በኮሚቴው ውስጥ ይግቡ፤ ወንበር ለማመላለስ ብቻ አንጥራቸው፣ መዝገቡንም ይያዙት።

አገሩ ወደፊትም ይለወጣል፤ እኛን አያማክርም። ሰው ግን ነገም ቀባሪና አጽናኝ ይፈልጋል። አያቶቻችን ከየአገሩ መጥተው በማያውቁት ከተማ ዕድር ካቆሙ፣ እኛ የምንተዋወቀው ሰዎች ማቆየት አያቅተንም።

ቸር ያሰማን።