የአፍሪካ የነጻ ትምህርት ዕድል ተማሪዎችና የአዲስ አበባ ባልንጀሮቻቸው

በሚያዝያ 1950 ዓ.ም. ነጻ የአፍሪካ መንግሥታት በአክራ ተሰበሰቡ። ከዚህ ጉባኤ ወዲህ የኢትዮጵያ መንግሥት ለአህጉሪቱ ወጣቶች 200 ነጻ የትምህርት ዕድል ሰጠ። ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች የመጡት ተማሪዎች አራት ኪሎ በሚገኘው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገቡ። በኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ሮበርት ኦኮ ከነዚሁ መካከል ነበሩ።

አስተናጋጁ ተማሪ የሚኮራበት ነገር ነበረው፤ አገሩ ቅኝ ግዛት አልሆነችም። እንግዳው ግን በባዕድ አገዛዝ ሥር አድጎም የፖለቲካ ፓርቲና የሠራተኛ ማኅበር ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር። በኢትዮጵያ አንድም ፓርቲ አልነበረም። «ነጻነት» የሚለው ቃል በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሁለት ትርጉም ይዞ ተገኘ፤ ለአንዱ ከአባቶቹ የወረሰው፣ ለሌላው ገና የሚታገልለት ነበር። የአስተናጋጁ ኩራት የተፈተነው እዚህ ላይ ነው።

የመገናኛው ቋንቋ እንግሊዝኛ መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። እንግሊዝኛ የማስተማሪያው ቋንቋ ስለነበር እንግዳም ባለአገርም በተውሶ ልሳን ተከራከሩ። በአማርኛ ቢሆን ኖሮ ተናጋሪው አፉን ሲከፍት «አንተ»፣ «አንቺ» ወይም «እርስዎ» ብሎ የሰሚውን ጾታና ማዕረግ መለየት ግድ ይሆንበት ነበር። የስዋሂሊ ተናጋሪ በሁለተኛ መደብ ጾታ ለይቶ አያውቅም፤ እንግሊዝኛውም ለሁሉም አንድ ቃል ነው ያለው። በዚህ ቋንቋ ስለ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት መናገር፣ በአማርኛ ከመናገር ይልቅ ለምላስ የቀለለ ይመስላል። (ከግቢው ውጭ፣ ገበያና አውቶቡስ ላይ፣ እንግዳው ያለ አማርኛ መንቀሳቀስ ይከብደው ነበር።)

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲደረግ የኮሌጁ ተማሪዎች ደግፈው ሰልፍ ወጡ። ይህን ሁሉ ለእንግዶቹ ተማሪዎች መስጠት ግን ማጋነን ነው። የሙከራው አሳቢ የሚባሉት ግርማሜ ንዋይ ራሳቸው የተማሩት በአሜሪካ ነበር፤ በአገር ውስጥም የገባሩ ችግር ከማንም ዓይን የተሰወረ አልነበረም። እንግዶቹ የጨመሩት፣ ባለአገሩ ተማሪ አገሩን ከጎረቤቶቿ ጋር የሚያነጻጽርበትን ዕለታዊ ጨዋታ ነው። በ1954 ዓ.ም. ኮሌጁ በአዲሱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሲጠቃለል፣ ክርክሩም ወደ ስድስት ኪሎ ተሻገረ።