በሞያሌ ዙሪያ ያሉ መንደሮች ስም ከየት መጣ?

ሞያሌ የሚባሉት ከተሞች ሁለት ናቸው። አንደኛው በኢትዮጵያ፣ ሁለተኛው በኬንያ ግዛት ውስጥ ሲሆን፣ የሚለያያቸው ድንበር መነሻው ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1907 የተዋዋሉት ውል ነው። የኬንያው ሞያሌ ዛሬ የሚተዳደረው በማርሳቢት ካውንቲ ሥር ነው። ስለ ከተማው ንግድና ስለ ኬላው ብዙ ይነገራል። በዙሪያው ስላሉት ስለ ጎልቦ፣ ስለ ኦዳ፣ ስለ ሶሎሎ፣ ስለ ማኛታ ግን ተማሪዎቻችን ከካርታ ላይ ነጥብ በቀር የሚያውቁት የለም። ለታሪክ ትምህርት ግን ከትልቁ ከተማ ይልቅ እነዚህ ትንንሽ ስሞች የበለጠ ይጠቅማሉ እላለሁ።

ቀላል ከሆነው እንጀምር። ጎልቦ በቦረና ኦሮምኛ ከከፍታው ግርጌ የተዘረጋው ሞቃት ቆላ ነው። ኦዳ ሾላ ነው። ሽማግሌዎች ከሥሩ ተቀምጠው የሚመክሩበት ዛፍ በመሆኑ ስሙ በኦሮሞ አገር ሁሉ ተበትኖ ይገኛል፤ ዱከም አጠገብ ኦዳ ነቤ፣ ሐረርጌ ውስጥ ኦዳ ቡልቱም አለ። ስለዚህ ኦዳ የሚለው ስም በቦታው ዛፍ እንደ ነበረና ሰው ይሰበሰብበት እንደ ነበር ይጠቁማል እንጂ የትኛው ጎሣ ቀድሞ እንደ ሰፈረ አይነግረንም።

ማኛታ ደግሞ ከሩቅ የመጣ ቃል ነው። ምንጩ የማሳይ ቋንቋ ሲሆን የተዋጊ ወጣቶችን ሰፈር ያመለክት ነበር። የእንግሊዝ ሹማምንት ቃሉን ወስደው በኬንያ ላለ ለማንኛውም የአርብቶ አደር መንደር መጠሪያ አደረጉት፤ በዚሁ መንገድ ሞያሌ ድረስ ደረሰ። ማሳዮች ግን ሞያሌን አልያዙም። ከሶሎሎ ወደ ዋናው አውራ ጎዳና ሲወጣ የሚገኘው ማኩታኖም እንዲሁ ነው፤ በስዋሂሊ መገናኛ፣ መስቀለኛ መንገድ ማለት ሲሆን ስሙን ያመጣው መኪና ነው። በአንጻሩ እንግሊዞች በሞያሌ ላቋቋሙት ጣቢያ አዲስ አበባ በነበረው ወኪላቸው በሐሪንግተን ስም ያወጡት «ፎርት ሐሪንግተን» የሚባለው መጠሪያ ከወረቀት ላይ አልወረደም። ከብት የሚያጠጣ ሰው ምን ያደርግለታል?

ውሃን በተመለከተ ነገሩ ይወሳሰባል። ከሞያሌ በስተ ምሥራቅ፣ በኬንያና በሶማሊያ ወሰን ላይ ኤል ዋቅ የሚባል ቦታ አለ፤ «የዋቅ ጉድጓድ» ማለት ነው። ጉድጓድን ኤል ወይም ኤላ ብሎ መጥራት በሶማሊኛም በቦረና ኦሮምኛም አለ። ዋቅ የሚለውንም የፈጣሪ ስም ሁለቱም ሕዝቦች ከጥንት ያውቁታል። እንግዲህ ስሙን ያወጣው ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ ቃሉ ብቻውን ሊፈርድ አይችልም።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይበልጥ የሚያጓጓው ግን የማርሳቢት ስም ነው። በሰፊው እንደሚነገረው፣ ማርሳ የተባለ የቡርጂ ተወላጅ ገበሬ እርሻ እንዲያስፋፋ ከሜጋ ወደዚያ ተወሰደ፤ ቦታውም በአማርኛ «ማርሳ ቤት» ተባለ። ቡርጂዎች በእርሻና በንግድ ወደ ማርሳቢትና ወደ ሞያሌ መሄዳቸው እውነት ነው። «ቤት» የሚለው ቃልም ለቦታ ስም ባዕድ አይደለም። በዚሁ በቦረና፣ ጥቁር ጨው ከእሳተ ገሞራ ጉድጓድ የሚወጣበትን ኤል ሶድን አማርኛ ተናጋሪዎች ጨው ቤት ይሉታል። ሆኖም ስም በራሳችን ቋንቋ ሲፈታልን ደስ ስለሚለን ብቻ መቀበል አይገባም። ማርሳቢት ከሁሉ በፊት የተራራ ስም ነው፤ አሜሪካዊው ተጓዥ ዶናልድሰን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1895 ተራራው ዘንድ ሲደርስ በዚያ የእንግሊዝ ጽሕፈት ቤት አልነበረም። ስለዚህ የታሪክ መምህር በቅድሚያ የገበሬውን ዘመን ከቀደሙት ተጓዦች ካርታ ጋር ያስተያይ። ስሙ ከገበሬው በፊት ተጽፎ ከተገኘ ትረካው ይወድቃል፤ ካልተገኘም ገና በሚዛን ላይ ነው።

ይህን ያህል ጥንቃቄ ለምን ያስፈልጋል? በሞያሌ አካባቢ የመሬትና የውሃ ይዞታ ደም ያፋሰሰ ጉዳይ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2012 በቦረናና በገሪ መካከል በተነሣው ግጭት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከኢትዮጵያ ወደ ኬንያ ተሰደዋል። እንዲህ ባለ አገር «ስሙ በእኛ ቋንቋ ስለሆነ ቦታው የእኛ ነው» የሚል ክርክር በክፍል ውስጥ ቢነሣ መምህሩ ዝም ብሎ ሊያልፈው አይገባም። ማኛታንና ኤል ዋቅን አንሥቶ መልስ መስጠት ይችላል።

ለልምምድ ያህል እያንዳንዱ ተማሪ የአንድ መንደር ስም ይዞ ቋንቋቸው የተለያየ ሁለት ሽማግሌዎችን ይጠይቅ። ስሙን እንዴት እንደሚጠሩት፣ ሌላ ስም ካለው ያንን፣ የሚቀርበው ውሃ የት እንደሆነ፣ መንገዱ ሳይወጣ በፊት ምን ይባል እንደነበር እንደሰማው ይጻፍ። ሁለቱ መልሶች ሳይስማሙ ሲቀሩ አንዱን አይሰርዝ፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን አድርጎ ለክፍሉ ያቅርብ።