ውሃ ብቻ ጨምሩበት

ፈረንጆች ለገና የሚሰጣጡት አንድ ስጦታ አለ። ክዳን ያለው የብርጭቆ ዕቃ ይወሰድና ከታች ዱቄት፣ ቀጥሎ ስኳር፣ ከዚያ አጃ፣ ከላይ ቸኮሌት እየተደረደረ ይሞላል። አፉ በሪባን ይታሰራል፤ ትንሽ ካርድ ላይ «ቅቤና እንቁላል ጨምራችሁ ጋግሩት» ተብሎ ይጻፍበታል። ቆንጆ ነው፣ ለፎቶም ይመቻል። እኛ ግን ስናየው ቶሎ የመጣብን ሌላ ነገር ነው፦ ይሄ እኮ በሶ ነው! ወይም ምጥን ሽሮ። ሪባኑ ሲቀር።

ለቀልድ አይደለም። ምጥን የሚለው ቃል ራሱ «የተመጠነ» ማለት ነው። ሽምብራው፣ ባቄላው ወይ አተሩ ተቆልቶ ይከካል፤ ከበርበሬው፣ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉ፣ ከበሶብላው፣ ከኮረሪማው ጋር ተመጥኖ ፀሐይ ይመታዋል፤ ከዚያ ወፍጮ ቤት። ሠሪዋ ልኬቱን አስቀድማ ጨርሳዋለች። ዋሽንግተን ወይም ቤይሩት ያለችው ልጅ ውሃና ዘይት ጨምራ ስታማስለው የእናቷ ቤት ሽሮ ይወጣል። ካርድም አያስፈልገውም።

የዚህን ስጦታ ታሪክ ወደ ኋላ ስንጎትተው ግን የሚያደርሰን ጦር ሜዳ ነው። ስሙም ስንቅ ይባላል።

አፄ ምኒልክ የክተት አዋጁን ያስነገሩት መስከረም 1888 ዓ.ም. ነው። ዓድዋ ላይ ውጊያው የሆነው የካቲት 23። በመሃል ወደ አምስት ወር የሚጠጋ ጉዞና ሰፈር አለ። ወደ መቶ ሺህ ለሚገመተው ለዚያ ሠራዊት የታሸገ ምግብ የሚያድል መጋዘን አልነበረም። የንጉሡ ጎተራና በየመንገዱ የሚሰበሰብ እህል ነበር፤ ከዚያ በፊት ግን ዘማቹ የሚተማመነው ከቤቱ በያዘው ስልቻና አቁማዳ ነው።

በሶ የዘማች ምግብ የሆነው ለጣዕሙ አይመስለንም (ይቅርታ፣ የበሶ ወዳጆች)። ገብሱ ቀድሞ ተቆልቷል፣ ስለዚህ በስሏል ማለት ነው። እሳት አይፈልግም፣ ማገዶ አይፈልግም፣ ጭስ አያሳይም። ውሃ ካለ ምሳ አለ። ጭኮ ደግሞ ቅቤው ተነጥሮ ውሃው ስለወጣለት ቶሎ አይበላሽም። ድርቆሽ በፀሐይ የደረቀ እንጀራ ነው፤ ሲረጥብ ፍርፍር ይሆናል። የፈረንጁ ስጦታ ምድጃ ይፈልጋል፤ የእኛዎቹ ምድጃ እንደማይኖር ታስቦ የተሠሩ ናቸው።

እስቲ ዘመኑን እናስበው። ክፉ ቀን የሚባለው ታላቁ ረሃብ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. አገሩን አድቅቆታል። የከብት በሽታው በሬውን ፈጅቶ ገበሬው የሚያርስበት አጥቶ ነበር። ክተት የታወጀው ያ ካበቃ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። በዚያ መስከረም ገብስ የምትቆላው ሴት ከጥቂት ዓመታት በፊት ባዶ ጎተራ ያየች ሴት ናት። ወሩ ደግሞ ዋናው አዝመራ ያልደረሰበት ነው፤ የምትቆላው ካለፈው ዓመት የተረፈውን ነው። ባሏ ይዞት ሲሄድ ቤት የቀሩት ልጆች ምን እንደበሉ የሚነግረን ዜና መዋዕል አላገኘንም።

በውጊያው ዋዜማ ስንቅ እያለቀ ነበር፣ በሁለቱም ወገን። ጄኔራል ባራቲዬሪም ቀለቡ እየተሟጠጠበት ስለነበር ወይ ማፈግፈግ ወይ ማጥቃት ነበረበት፤ ማጥቃቱን መረጠ። የዓድዋ ቀን የተቆረጠው በከፊል በስልቻ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። እቴጌ ጣይቱ መቀሌ ላይ የጣሊያንን ውሃ እንዴት እንዳስያዙ ሁላችንም ተምረናል። ስለ በሶው ግን ያስተማረን የለም፤ በሶ ከሚበላው ከአበበ ሌላ ማለታችን ነው።

በአሜሪካ ነገሩ በሌላ በኩል ነው የመጣው። ጆን ላንዲስ ሜሰን ጠመዝማዛ ክዳን ላለው የብርጭቆ ዕቃ ፈቃድ ያገኘው በ1858 እ.ኤ.አ. ነው። በ1930ዎቹ ደግሞ ዳፍ የተባለ የፒትስበርግ ድርጅት ሞላሰስ ተርፎት ከዱቄት ጋር አድርቆ የኬክ ድብልቅ አወጣ። ቀጥሎ ያደረገው ነው የገረመን፦ የደረቀውን እንቁላል ከድብልቁ አውጥቶ ሴትዮዋ ራሷ ትኩስ እንቁላል እንድትጨምር ተወላት፤ እንደዚያ እንደምትወድ ገብቶታል። እዚያ ፋብሪካው ለባለቤቷ ትንሽ ሥራ ቆጥቦ ይተውላታል። እዚህ ሥራው ሁሉ የእሷ ነው፤ ውሃ መጨመር ብቻ ለሌላው ይተርፈዋል።

በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ሲገባና ደርግ የእናት አገር ጥሪ ሲያስተላልፍ ታጠቅ ላይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሚሊሺያ ተሰበሰበ። ስንቁም ወደ ቀበሌ ወረደ። ሴቶች በሶ ፈጩ፣ ድርቆሽ አደረቁ፣ ዳቦ ቆሎ ጠበሱ። ዓድዋ ላይ ስንቅ የሚዘጋጀው ለባል ወይም ለልጅ ነበር፤ አሁን ለማታውቀው ሰው ሆነ፣ እምቢ ማለትም ቀላል አልነበረም። ስጦታ ነው ግብር? እኛ ግብር ነው እንላለን፣ ከልቧ የሰጠች ብትኖርም። ልማዱም አልቀረም፤ በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ወቅት በየከተማው ሴቶች እንደገና ስንቅ ሲያዘጋጁ በቴሌቪዥን አይተናል።

ሐዋሳ ዕድሜዋ አጭር ነው፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተቆረቆረች፣ ከየአገሩ የመጣ ሰው የሞላባት ከተማ ናት። ስለዚህ ስንቅ ወደ እሷ ይመጣል። (የሲዳማ ዋሳ የራሱ ታሪክ አለው፤ እንሰቱ ተፍቆ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበርና ለወራት ይቆያል። እሱን ሌላ ቀን እንመለስበታለን።) በ1992 ዓ.ም. ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ የተመሠረተው የዛሬው ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ዶርሞች ውስጥ አልጋ ሥር የተሸጎጡት ላስቲኮች ተፈትሸው ቢሆን ግማሽ ኢትዮጵያ ይወጣ ነበር፦ ከሰላሌ ጭኮ፣ ከጎጃም በሶ፣ ከአዲስ አበባ ዳቦ ቆሎ። ካፌው ያስጠላው ተማሪ ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ከታች ስኳር፣ ከላይ በሶ ያደርግና ውሃ ጨምሮ ይበጠብጠዋል። ተደርድሮም ጠርሙስ ውስጥ ገብቷል፣ ምን ቀረው?

ዛሬ ምጥን ሽሮም በሶም ታሽጎ በየሱፐርማርኬቱ ይሸጣል። እኛ አንከፋም። ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ወፍ ስትጠብቅ የምትውል እናት ብታርፍ ደስ ይለናል።

የ1969ኙን ስንቅ ያዘጋጁ ሴቶች ግን ዛሬም በየሰፈራችን አሉ፤ ብዙዎቹ ሰባዎቹንና ሰማንያዎቹን ይዘዋል። ስለ ኦጋዴን ጦርነት መኮንኖች መጽሐፍ ጽፈዋል፤ ታንኩ፣ ብርጌዱ፣ የኩባው ጦር ሁሉ ተቆጥሯል። ስንት ቁና ገብስ እንደቆሉ እነዚህን እናቶች የጠየቃቸው ጋዜጠኛ ግን እስካሁን አልገጠመንም።