ነጥቡን ማን ይስጥ? ጨዋታዊ ማበረታቻ በፕሮጀክት ሰነድ ዝግጅት

የፕሮጀክት ሰነድ የሚጽፈው ሰው ዛሬ ይደክማል፤ የሚጠቀመው ግን ከወራት በኋላ ሥራውን የሚረከበው ሌላ ሰው ነው። ሰነድ ለይስሙላ የሚጻፈው በስንፍና ብቻ ሳይሆን ድካሙና ጥቅሙ ስለማይገናኙም ነው። ጌሚፊኬሽን፣ ማለትም ነጥብን፣ ባጅንና የደረጃ ሰንጠረዥን ጨዋታ ላልሆነ ሥራ ማዋል፣ ክፍተቱን ይሞላል ይባላል። መሙላት አለመሙላቱን የሚወስነው ግን ነጥብ ሰጪው ማን ነው የሚለው ይመስለኛል።

ሃክቶበርፌስት የተባለውን የኦክቶበር ወር የኦፕን ሶርስ ዘመቻ እንይ። በ2020 (እ.ኤ.አ.) ለኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶች አራት ማሻሻያ የላከ ሰው ቲሸርት ይሸለም ነበር። የብዙዎች አቋራጭ «ሪድሚ» የሚባለው የመግቢያ ሰነድ ሆነ፦ ከርዕሱ ሥር «ድንቅ ፕሮጀክት» ብሎ ጨምሮ መላክ። ሁለት ቃል፣ አንድ ማሻሻያ! ፕሮጀክቶቹን የሚጠብቁት በጎ ፈቃደኞች ይህን ሲጠርጉ ዋሉ፤ አዘጋጁ ኩባንያ ዲጂታልኦሽንም ዘመቻውን ኦክቶበር 3 ላይ ፈቃደኛ በሆኑ ፕሮጀክቶች ብቻ ወሰነው።

በ2008 የተመሠረተው የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ ስታክ ኦቨርፍሎው በተቃራኒው ለመጻፍ ብቻ ነጥብ አይሰጥም፤ መልሱን አንባቢ ሲደግፈው 10፣ ጠያቂው ሲቀበለው 15 ይገኛል። ሆኖም በ2016 የከፈተው «ዶክመንቴሽን» የተሰኘ ክፍል በቀጣዩ ዓመት ተዘጋ። ምክንያቱ አንድ ብቻ ባይሆንም፣ በጋራ በተጻፈ ገጽ ላይ ጥቂት ነካክቶ የሄደ ሰው ነጥብ ይሰበስባል የሚለው ቅሬታ ብርቱ ነበር። የቡድን ሰነድ ደግሞ ሁልጊዜም የጋራ ነው።

በትንሽ ቡድን ላይ ይሉኝታ ይጨመራል። ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ ድምፅ የሚሰጠው የማይተዋወቅ ሰው ነው፤ እኛ ቢሮ ግን ጀማሪው «ጋሼ» የሚለው ባልደረባው የጻፈውን መመሪያ «አልገባኝም» ለማለት ይከብደዋል። ስለዚህ ነጥቡን ከአስተያየት ሳይሆን ከሥራው መልቀም ይሻላል። ጀማሪው በመመሪያው ብቻ እየተመራ ሲስተሙን ይጫን፤ ጸሐፊውን ለመጠየቅ የተነሣበት ቦታ ሁሉ ይመዝገብ። «ሰባተኛው እርምጃ ላይ የዳታቤዙ ፓስወርድ ከማን እንደሚጠየቅ አልተጻፈም» የሚል ማስታወሻ ለጀማሪው ነጥብ ያስገኝለት፤ መስመሩ ተስተካክሎ ቀጣዩ ሰው ሳይጠይቅ ካለፈ ደግሞ ለጸሐፊው።