ለፌስቡክ ማስታወቂያ በቨርቹዋል ካርድ መክፈል፦ አሠራሩና ጥንቃቄው

ደብረ ታቦር፦ በቴሌብር ከደብረ ታቦር አዲስ አበባ ገንዘብ ለመላክ ጥቂት ሰከንዶች ይበቃሉ። በዚያው ስልክ በተከፈተ የፌስቡክ ገጽ ላይ ማስታወቂያ ለማሠራጨት ግን ያው ብር አያገለግልም። ማስታወቂያውን የሚሸጠው ኩባንያ መቀመጫው ውጭ ሀገር ነው፤ ክፍያውንም በአብዛኛው የሚቀበለው እንደ ቪዛና ማስተርካርድ ባሉ ዓለም አቀፍ መረቦች በሚሠራ ካርድ ነው።

ፎገራ ላይ ሩዝ፣ ፋርጣ ላይ ድንች አምርቶ በኩንታል ለሚያስረክብ አርሶ አደር ይህ ክፍያ እምብዛም አያስፈልገውም፤ ገዥው ደውሎ መኪናውን ይዞ ይመጣል። ጉዳዩ ይበልጥ የሚመለከተው የሩቅ ገዥ የሚፈልገውን ነው። ጋቢና ነጠላ የሚሸጡ የአውራምባ ሸማኔዎች፣ ሴባስቶፖል የተሠራበትን ጋፋትን ወይም የነሐሴ 13ን የደብረ ታቦር በዓል ለማየት የሚመጣ እንግዳ የሚያሳድሩ ማረፊያ ቤቶች ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። ፌስቡክ ማስታወቂያን በሀገር፣ በከተማና በቋንቋ ለይቶ ያሳያል፤ ዋሽንግተን ዲሲ ላሉ አማርኛ ተናጋሪዎች ብቻ እንዲታይ ማዘዝ ይቻላል።

ቨርቹዋል ካርድ ፕላስቲክ የሌለው የክፍያ ካርድ ነው። 16 አኃዝ ያለው ቁጥር፣ አገልግሎቱ የሚያበቃበት ወርና ዓመት እንዲሁም ከ3 አኃዝ የተሠራ የምሥጢር ቁጥር አለው። በ4 የሚጀምረው የቪዛ፣ በ5 ወይም በ2 የሚጀምረው የማስተርካርድ ነው። ብዙዎቹ አስቀድሞ ገንዘብ የሚሞላባቸው ናቸው። ሻጩ ካርዱ የሚሠራ መሆኑን ለማረጋገጥ ጥቂት ገንዘብ ለጊዜው ሊይዝ ስለሚችል ልክ 10 ዶላር የተሞላበት ካርድ ለ10 ዶላር ማስታወቂያ ላይበቃ ይችላል። ብዙ ጊዜ ሒሳቡ የሚቆረጠውም ማስታወቂያው ከታየ በኋላ፣ ወጪው የተወሰነ ጣሪያ ሲነካ ወይም የክፍያው ቀን ሲደርስ ነው። በዚያ ሰዓት ካርዱ ባዶ ከሆነ ማስታወቂያው ይቆማል፤ ዕዳው ግን በደንበኛው ስም ይቆያል።

ዋጋው ራሱ ተለውጧል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ሳምንታት ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ቀድሞ 570 ብር ገደማ የነበረው የ10 ዶላር ማስታወቂያ ዛሬ ከ1 ሺህ ብር በእጅጉ ይበልጣል።

አደጋው የሚጀምረው ዶላር በእጁ የሌለው ሰው ወደ ደላላ ሲሄድ ነው። ደላላው ብር ይቀበልና የራሱን ካርድ ቁጥር ያስገባል፤ አንዳንዱ የገጹን የይለፍ ቃል ጭምር ይጠይቃል። የይለፍ ቃሉን የሰጠ ሰው ገጹን አሳልፎ ሰጥቷል ማለት ነው፤ ለዓመታት የተሰበሰበ ደንበኛም አብሮ ይሄዳል። ካርዱ የተሰረቀ ከሆነ ደግሞ እውነተኛው ባለቤት ለባንኩ ሲያመለክት ክፍያው ይመለሳል፣ የማስታወቂያ ሒሳቡም ሊዘጋ ይችላል። ለግብር የሚቀርብ ደረሰኝም አይኖርም። ከሁሉም በላይ፣ ፈቃድ ካላቸው ባንኮችና የምንዛሪ ቢሮዎች ውጭ የውጭ ምንዛሪ መግዛትና መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው።

ሕጋዊ መንገድ አለ። በ2016ቱ ማሻሻያ ነዋሪዎች ከውጭ በሚላክላቸው ገንዘብ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ከፍተው ለውጭ አገልግሎት ክፍያ እንዲያውሉት ተፈቅዷል። ልጁ ወይም እህቱ ከውጭ የምትልክለት ሰው ገንዘቡን ሁሉ ወደ ብር ከመመንዘሩ በፊት ይህን ሒሳብ ሊያስብበት ይገባል። ሒሳቡ ሲከፈት ባንኩን መጠየቅ የሚያስፈልገው ካርዱ በኢንተርኔት ለሚፈጸም ክፍያ ክፍት መሆኑን፣ የክፍያ ጣሪያውንና የአገልግሎት ክፍያውን ነው።

ለብዙዎች ግን አጭሩ መንገድ ዘመድ ነው። ገጹ ላይ ማስታወቂያ የማሠራት ፈቃድ ብቻ ለዘመድ መስጠት ይቻላል፤ የይለፍ ቃል አይሰጥም። ዘመዱ ባለበት ሀገር ከራሱ የማስታወቂያ ሒሳብና ካርድ ይከፍላል፤ የካርዱ ቁጥር በቴሌግራም አይላክም። ስጦታ ከሆነ ይህ ችግር የለበትም። በምትኩ እዚህ ላሉ ወላጆቹ ብር ማስረከብ ግን ከባንክ ውጭ የሚደረግ ምንዛሪ ይሆናል፤ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚገባበትም ይህ ነው።

ማስታወቂያ ሲታዘዝ የዕለት ወጪ ብቻ ጽፎ መተው አይበጅም። ጠቅላላ በጀትና ማብቂያ ቀን መቀመጥ አለበት። በነሐሴ 2015 ዓ.ም በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እንደታየው ባለቤቱ ገጹን መክፈት የማይችልበት ጊዜ ሊመጣ ይችላል። ማብቂያ ቀን የሌለው ማስታወቂያ በዚያ ጊዜም ውጭ ሀገር መታየቱንና ገንዘብ መቁረጡን አያቆምም፤ ለደንበኛው ጥያቄ የሚመልስ ግን የለም። ማስታወቂያው ላይ የመደበኛ ጥሪ ስልክ ቁጥር መጻፍ በመልእክት ሳጥን ብቻ ከመተማመን ይሻላል።