የብስኩት ቤትና ዳቦ ያለቀባት እናት

በአሜሪካ የምትኖሩ አባሎቻችንና ለጋሾቻችን፣ በፈረንጆች ገና ሰሞን ሕፃናት ጠረጴዛ ከበው ከብስኩት ትንንሽ ቤት ሲሠሩ ሳታዩ አልቀራችሁም። ግድግዳውም ጣሪያውም ግራሃም ክራከር የሚባለው ብስኩት ነው። ማጣበቂያው በእንቁላል ነጭ የተመታ የስኳር ዱቄት ሲሆን ሲደርቅ እንደ ኖራ ይጠነክራል። ጨዋታው የልጆች ነው። ታሪኩ ግን የዳቦ፣ የማጣትና የእናቶች ታሪክ በመሆኑ ለዜና መጽሔታችን ይስማማል ብዬ አሰብኩ።

መነሻው ጀርመን ነው። የኑረምበርግ ከተማ ከጥንት ጀምሮ በዝንጅብል ዳቦ የታወቀች ናት። በአካባቢዋ ካለው ደን ማር ይቆረጥ ነበር፤ ዝንጅብሉ፣ ቀረፋውና ቅርንፉዱ ደግሞ ከእስያ ተነሥቶ በቬኒስ ነጋዴዎች በኩል ይደርሳታል። ሙያው እንደ ልብ የሚገባበት አልነበረም። ጋጋሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ1643 የራሳቸውን የሙያ ማኅበር አቋቁመው ከማኅበሩ ውጭ ያለ ሰው እንዳይነካው ጠበቁት።

የዳቦ ቤት በተረት የታወቀው በያዕቆብና በቪልሄልም ግሪም መጽሐፍ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1812 ባሳተሙት የተረት ስብስብ ውስጥ የሃንዘልና የግሬተል ታሪክ አለ። አንድ ደሃ እንጨት ቆራጭ ቤቱ ውስጥ የሚበላ ያልቅበታል፤ ሚስቱም ልጆቹን ጫካ ወስደን እንተዋቸው ትለዋለች። የተራቡት ልጆች ጫካ ውስጥ ያገኙት ቤት ግድግዳው ዳቦ፣ ጣሪያው ኬክ፣ መስኮቱ ስኳር ነው። ባለቤቲቱ ግን ልጆች የምትበላ ጠንቋይ ናት።

በመጀመሪያው እትም ያቺ ሴት የልጆቹ ወላጅ እናት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1840 በወጣው አራተኛ እትም ግን የእንጀራ እናት ሆነች። እኛም በቋንቋችን ይህችን ሴት የምንጠራት በእንጀራ ነው። ወላጅ እናት ልጆቿን ትጥላለች ብሎ መናገር ስለከበደ ጥፋቱ ወደ ሌላ ሴት ተላለፈ። ረሃቡ ግን በሁለቱም እትሞች ያው ነው።

ይህን ታሪክ ያቃናችው አንዲት ሴት ናት። አደልሃይድ ቬተ ታሪኩን በግጥምና በዜማ እንዲጫወቱት ለገዛ ልጆቿ አዘጋጀችው፤ ወንድሟ ኤንግልበርት ሁምፐርዲንክ ደግሞ ሙዚቃውን ሠርቶ ኦፔራ አደረገው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 23 ቀን 1893 በቫይማር ከተማ ታየ። በእሷ ድርሰት እናትየዋ ልጆቿን አትጥልም። ለእራት የነበረው ወተት ይደፋባታል፤ ተናዳ እንጆሪ ለቅማችሁ ኑ ብላ ወደ ጫካ ትሰዳቸዋለች፤ ከዚያም ለልጆቼ የምሰጠው የለኝም ብላ ታለቅሳለች። የጠንቋይዋ ቤትም የዝንጅብል ዳቦ ቤት ነው።

ብስኩቱ ስሙን ያገኘው ከአሜሪካዊው ሰባኪ ከሲልቬስተር ግራሃም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1794 እስከ 1851 የኖረው ይህ ሰው መጠጥን፣ ሥጋን፣ ቅመምንና ነጭ ዱቄትን አጥብቆ ይቃወም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1837 ስለ ዳቦ ባሳተመው መጽሐፍ ዳቦ ከነገለባው ከተፈጨ ስንዴ፣ ያውም በቤት ውስጥ በእናት እጅ ይጋገር አለ። ሸክሙ እዚህም በእናት ላይ ወደቀ። በኋላ ፋብሪካዎች በስሙ የተጠራውን ብስኩት ስኳር ጨምረው ሸጡት። ዛሬ ልጆች ከረሜላ የሚለጥፉበት ብስኩት ቅመምና ቅንጦት ሲያወግዝ በኖረ ሰው ስም ይጠራል።

ለልጆች ግን ትልቅ በር ከፈተ። የዝንጅብል ዳቦ ቤት መጋገሪያ ምድጃ፣ ልኬትና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል፤ ብስኩቱ ግን ተጋግሮ፣ በመስመር ተከፍሎ ይመጣል። አንዱ ብስኩት ለሁለት ሲሰበር ሁለት ካሬ ይሆናል። ለአራት ግድግዳና ለሁለት የጣሪያ ክንፍ 6 ካሬ፣ ማለትም 3 ብስኩት ይበቃል። ለ20 ልጆች 60 ብስኩት ነው፤ ለሚሰበረው 10 ጨምሩበት። ምድጃ በሌለበት አዳራሽ እንኳ ማንም ልጅ ተመልካች ሆኖ አይቀርም።

ለመጪው የልጆቻችን የገና ዝግጅት ከሱቅ በሚገኝ ባለአራት ማዕዘን ብስኩት ይህንኑ ብንሞክር ወጪው ቀላል ነው። ልጆቹ ሲሠሩ ታሪኩን እንንገራቸው፤ ስንነግራቸውም የእናትየዋን ነገር አንዝለል። ማኅበራችን የተቋቋመው ዳቦ ያለቀባት እናት የምታንኳኳው በር እንዲኖራት ነው። በዚያ ተረት ውስጥ ግን ከጫካው በቀር ሌላ በር አልነበረም።