ፒያሳ ላይ ያለው ሱቅ ስንት ዓመቱ ነው?

እስቲ ጎንደር ፒያሳ፣ አንድ ጫማ ቤት ውስጥ ቆማችኋል እንበል። አንዲት ተማሪ ትገባለች። ጥቁር ስኒከር ታነሳለች፣ ትለካለች፣ መስታወቱ ፊት ሁለት እርምጃ ትራመዳለች፣ ዋጋ ትጠይቃለች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ጫማውን ፎቶ ታነሳና «እመለሳለሁ» ብላ ትወጣለች። እንደማትመለስ እሷም ባለሱቁም ያውቃሉ። ማታ ያንኑ ጫማ በቴሌግራም ከሚሸጥ የአዲስ አበባ ልጅ ታዛለች፤ ብሩን በቴሌብር ትልካለች፤ ጫማው በአውቶቡስ ተጭኖ ይመጣል።

እዚህ ውስጥ ማን ምን ከፈለ? ተማሪዋ የጫማውን ዋጋ ከፍላለች። የመለኪያ ወንበሩን፣ የመስታወቱን፣ የመብራቱንና የቤቱን ኪራይ የከፈለው ግን አንዲት ሳንቲም ያልደረሰው የፒያሳው ባለሱቅ ነው።

ነገሩ የጎንደር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ሲርስ የሚባለው ታላቅ የሱቅ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 መክሰሩን ለፍርድ ቤት አመለከተ፤ በእንግሊዝ የዎልዎርዝስ ሱቆች በ2009 መጀመሪያ ተዘግተው አለቁ። ብዙ ሰው ጥፋቱን በኢንተርኔት ላይ ጫነው። የሲርስን ታሪክ ወደ ኋላ ብታነቡት ግን ትገረማላችሁ፤ ሲርስ ራሱ ሲጀምር ሱቅ አልነበረውም እኮ! በ1890ዎቹ ወፍራም የዕቃ መጽሐፍ በፖስታ ይልካል፣ ገበሬው ከመጽሐፉ መርጦ ያዛል፣ ዕቃው በባቡር ይደርሰዋል። ያኔም የገጠር ባለሱቆች «ጨረሰን» ብለው ጮኸዋል። ሲርስ የመጀመሪያ ሱቁን የከፈተው በ1925 ነው። የሩቅ ግዢ እንግዲህ አዲስ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ጎንደር እንመለስ። አፄ ፋሲል ከተማዋን የቆረቆሩት በ1628 ዓ.ም. ነው፤ ወደ 390 ዓመት ማለት ነው። የፒያሳ ሱቅ ዕድሜ ግን የዚያን ሩብ እንኳ አይሞላም። ታዲያ ከዚያ በፊት ሰው ከየት ይገዛ ነበር?

መልሱ ዛሬም አለ፤ ቅዳሜ ገበያ። በየቀኑ ሱቅ ከፍቶ ለመቀመጥ በየቀኑ የሚመጣ በቂ ገዢ ያስፈልጋል። ከወገራ ወይም ከደንቢያ የሚመጣ ገበሬ ግን በየቀኑ አይገዛም። በእጁም ያለው ብር ሳይሆን እህል፣ ማር፣ ቅቤ፣ ቆዳ ነው፤ ለመግዛት መጀመሪያ መሸጥ አለበት። ስለዚህ የሳምንቱ ፍላጎት ሁሉ ተጠራቅሞ በአንድ ቀን ይወጣል። ነጋዴው በሌላው ቀን አህያውን ጭኖ ወደ ሌላ ገበያ ይሄዳል። ዋልተር ክሪስታለር የተባለ ጀርመናዊ የጂኦግራፊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1933 ይህን በሁለት ቀላል ሐሳቦች አስቀመጠው፦ ለእያንዳንዱ ዕቃ ሰው ሊጓዝለት የሚፈቅደው ርቀት አለ፤ ለእያንዳንዱም ሻጭ ለመኖር የሚበቃው ትንሹ የገዢ ቁጥር አለ። ለክብሪት ማንም ከደባርቅ ጎንደር አይመጣም፤ ለሠርግ ልብስ ግን ይመጣል። ገዢው ሲበዛ ወይም መንገዱ ሲያጥር የሱቁ ቦታና ብዛት ይለወጣል። ይህችን ነገር ያዟት፤ ስልኩ ጋ ስንደርስ ታስፈልገናለች።

ከቅዳሜ ውጭ ጨርቅ፣ ቅመም ወይም መስተዋት የፈለገ ሰው የነጋዴውን ቤት ያንኳኳል። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1660 ዓ.ም.፣ የተሰበሰበ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ፤ ሰፈራቸውም ከቤተ መንግሥቱ ዝቅ ብሎ አዲስ ዓለም በሚባለው በኩል ሆነ። ውሳኔው ግፍ ነበር። ግን የሩቅ ንግድ የሚያውቁት፣ ከመተማና ከስናር፣ ከምፅዋም ጋር የሚላላኩት በብዛት እነሱው ስለነበሩ ከተማዋ ያለ እነሱ ጨርቅ መልበስ አትችልም ነበር። ዕቃው እቤት ይቀመጣል፤ ዋጋ አይለጠፍም፤ ትጠይቃለህ፣ ትከራከራለህ፣ ትስማማለህ። ለትንሽ ግዢ የሚከፈለው ከአፋር ምድር በሲራራ ነጋዴ ተጭኖ የሚመጣ አሞሌ ጨው ነው፤ አሞሌው ከወጣበት ቦታ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ለትልቅ ግዢ የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር አለ። (የሚገርመው፣ ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞቱ በኋላ የተመታው ጠገራ ሁሉ ያንኑ 1780ን ይዞ ነው የሚወጣው።)

ቆይ፣ ይህ ነጋዴ የሆነ ሰው አላስታወሳችሁም? ሱቅ የለውም። ዕቃው እቤቱ ነው። ዋጋ አልጻፈም። ብትጠይቁት «ኢንቦክስ» ይላችኋል።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። የድሮው ነጋዴ ሲያታልል የሚከሰስበት ሰው ነበር። ነጋድራስ የሚለውን ማዕረግ ሰምታችሁት ይሆናል፤ የነጋዴ ራስ ማለት ነው። የኬላ ቀረጥ ይሰበስባል፤ ነጋዴ ከነጋዴ ሲጣላም ይዳኛል። ከዚያ በላይ ደግሞ ሰፈሩ አለ። ሻጩን፣ አባቱንና ቤቱን ሁሉም ያውቃል።

ጎንደር በ1859 ዓ.ም. በአፄ ቴዎድሮስ እጅ፣ በ1880 ዓ.ም. ደግሞ በመሐዲስቶች ተዘርፋና ተቃጥላ እጅግ ተጎዳች፤ ንግዷም አብሮ ደቀቀ። መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጣሊያን ጦር ሲገባ ያገኛት የቀድሞዋን ጥላ ነበር። ጣሊያኖች የአማራ ግዛት ብለው ለሰየሙት አስተዳደር ዋና ከተማ አደረጓት። ጌራርዶ ቦሲዮ የተባለ አርክቴክት ማስተር ፕላን ሠራ፤ ነጩ ከአገሬው ተለይቶ እንዲኖር ታስቦ የተሠመረ ፕላን ነው። ከፋሲል ግቢ በስተ ሰሜን ፖስታ ቤት፣ ባንክ፣ ሲኒማና በመንገዱ ግራና ቀኝ የተሰለፉ ሱቆች ተሠሩ። ፒያሳ ይህ ነው። ቃሉ በጣሊያንኛ አደባባይ ማለት ነው፤ የእኛው ግን አደባባይ ከመሆን ይልቅ ጎዳና ነው። ሱቅ የምንለውም ቃል በዐረብኛ ትርጉሙ ገበያ ነው። እኛ ጋ ሲደርስ አንድ ክፍል ቤት ሆኖ ቀረ።

ከእነዚህ ሱቆች ጋር የመጣው ትልቁ ነገር መስተዋቱ ይመስለኛል። ፓሪስ ውስጥ አሪስቲድ ቡሲኮ የተባለ ነጋዴ እ.ኤ.አ. ከ1852 ጀምሮ ቦን ማርሼ በሚባለው መደብሩ ዋጋ እየለጠፈ፣ ሰው ባይገዛም ገብቶ እንዲያይ ፈቅዶ ንግድን ለውጦት ነበር። በገበያ ወይም በነጋዴ ቤት ለማየት መጠየቅ አለባችሁ፤ ከጠየቃችሁ ደግሞ ክርክር ጀመራችሁ ማለት ነው። በመስተዋት ጀርባ ያለን ዕቃ ግን ማንንም ሳታናግሩ፣ ኪሳችሁ ባዶ ሆኖም ታያላችሁ። ያ ዘዴ ወደ ጎንደር የገባው በወራሪ እጅ፣ መጀመሪያም ለወራሪው ቤተሰብ ነው። ወራሪው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ሕንፃዎቹ ቀሩ፤ ኢትዮጵያውያን ገቡባቸው።

እንዲያም ሆኖ ሱቅን የእኛ ያደረገው መስተዋቱ አይመስለኝም። ደብተሩ ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች የየመን ሰዎች የከፈቱት «አረብ ቤት» በአብዮቱ ዘመን ብዙዎቹ እስኪወጡ ድረስ አንድ ነገር አስተማረ፦ ሌላው የሚንቀውን ትንሽ ግዢ አለመናቅ። ሳልሳ በማንኪያ፣ ላምባ በብርጭቆ፣ ስኳር በወረቀት ጥቅልል። ኋላ የሰፈሩ ባለሱቅ ሁሉ ይህንኑ ያዘ፤ ዱቤም ጨመረበት። እኔም በልጅነቴ «እማማ ጻፈው ብላለች» ብዬ ስንት ጊዜ ሳሙና ተሸክሜ ተመልሻለሁ! ባለሱቁ ካልሲ የሚያህል ደብተር ያወጣል፣ የእናቴን ስም ይገልጣል፣ ይጽፋል። ደመወዝ ሲወጣ ይሰረዛል። ወለድ የሚባል ነገር አልተነገረም፤ ዋጋው ላይ ትንሽ ተጨምራ እንደነበር ግን አሁን ሳስበው እጠረጥራለሁ። ለማያውቀው ሰው ደግሞ ደብተሩ አይከፈትም። ከሌላ ክፍለ ሀገር ለትምህርት የመጣ ልጅ «ዱቤ የለም» የሚለውን ወረቀት ነው የሚያየው።

ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ ብዙ ሱቅ የመንግሥት ቤት ሆነ። ስኳርና ጨው በቀበሌ ኅብረት ሱቅ በሰልፍ የሚታደልበት ዘመንም መጣ፤ ወላጆቻችሁን ጠይቋቸው፣ ስለ ሰልፉ ረጅም ወሬ አላቸው። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ኪራዩ ነው። የመንግሥት ቤት ኪራይ ከግል ሕንፃ በጣም ያነሰ በመሆኑ በነፃ ገበያ ዋጋ ቢከራይ ኖሮ ቀደም ብሎ የሚዘጋ ስንቱ ሱቅ ዕድሜው ተራዘመ።

አሁን ስልኩ ጋ ደርሰናል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በስልክ የተደረገን ውል ሕጋዊ አደረገው። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ክሪስታለርን አስታወሳችሁ? ስልክ ርቀቱን ወደ ዜሮ ሲያወርደው፣ ሻጭ ለመኖር የሚያስፈልገውን የገዢ ቁጥር ከአንድ ጎዳና ሳይሆን ከመላው አገር መሰብሰብ ይችላል። ያለ ኪራይ፣ ያለ መስተዋት። ለዚህ ነው ዋጋው የሚቀንሰው፤ ምትሐት የለውም።

ግን አንድ የቆየ ችግር ተመልሶ ይመጣል። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ጻፈ፤ በ2001 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ኖቤል አሸልሞታል። ሐሳቡ ይኸው፦ ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ገዢው ስለሚጠራጠር ለደህናውም ለብልሹውም የመካከለኛ ዋጋ ብቻ ይሰጣል። በዚህ ዋጋ የደህና መኪና ባለቤት «አልሸጥም» ብሎ ይወጣል። ገበያው ላይ ብልሹው ይቀራል። በፎቶ ጫማ ሁሉ ቆንጆ ነው፤ የሶሉ ሙጫ አይታይም። ሱቅ ይህን የሚፈታው በቀላል መንገድ ነው፦ ነገም እዚያው ቦታ አለ። ጫማው በሳምንቱ ቢገነጠል ይዛችሁት ትሄዳላችሁ፤ ሌላ ደንበኛ ፊት ትጮኻላችሁ። ያች ጩኸት ዋስትና ናት። አዲስ አበባ ውስጥ ሞተረኛው በር ላይ ቆሞ ዕቃውን አሳይቶ ይቀበላል። ጎንደር ላለ ገዢ ግን ብዙ ጊዜ ብሩ ቀድሞ ነው የሚሄደው፤ 40 ቁጥር ያዘዘ ሰው 38 ቢደርሰው የሚመልሰው ለማን ነው?

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። ተኩስ በነበረባቸው ቀናት ፒያሳም ዘግቶ ነበር፤ ሱቅ ከጦርነት አያመልጥም። በሩ በተከፈተ ማግስት ግን መሸጥ ይችላል። የቴሌግራሙ ሻጭ ጠፋ። ቴሌብር እኮ በአጭር ኮድ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል ትሉ ይሆናል፤ እውነት ነው፣ ግን ጫማ በአጭር ኮድ አይታይም።

ደብተሩም ወደ ስልክ ገብቷል። ቴሌብር ላይ ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ መላ የሚባል ብድር አለ፤ ዳሸን ባንክ ደግሞ አገልግሎቱን «ዱቤ አለ» ብሎ ሰይሞታል፣ ያንን የግድግዳ ወረቀት ገልብጦ። እንዲህ ያለ ማሽን የሚያየው የገንዘብ እንቅስቃሴያችሁን ነው፤ የማን ልጅ እንደሆናችሁ አይጠይቅም። ለዚያ ከሩቅ ለመጣው ተማሪ ይህ ፍትሕ ነው። እናቴ ግን አንድ ወር ደመወዟ ሲዘገይ ባለሱቁ ምን እንደገጠማት ጠየቃት፤ ሰማትና ገጹን ገለጠ፣ ከታች ጨመረ። ማሽኑ ይህን ጥያቄ ሲጠይቅ እስካሁን አላየሁም።

ይህን ጽሑፍ ሳስብ ፒያሳን ዞሬ ነበር። አንዱ ጫማ ቤት በሩ ላይ የቴሌግራም ስሙን ለጥፏል። ልጁ መደርደሪያው ሥር ተቀምጦ ጫማዎቹን አንድ በአንድ ፎቶ ያነሳል። ገዢዎቹ ከየት እንደሆኑ ስጠይቀው «ዳባት፣ ደባርቅ» አለኝ፤ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ደባርቅ። በሚኒባስ ይልክላቸዋል፣ የድሮው ሲራራ ነጋዴ በሄደበት አቅጣጫ።

«ካልሆናቸውስ?» አልኩት።

«ቅዳሜ ገበያ ሲመጡ ይዘውት ይመጣሉ» አለ፣ ቀና ሳይል።